የበረኛው ዕድሜ

በብሔራዊ ቡድን ተከላካይ ሆኜ ስጫወት ያዩኝ ሰዎች ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ድፍረቴን ያነሳሉ። «አንተ እኮ ኳስም ይምጣ ጫማም ይምጣ ግንባርህን የምትሰጥ ሰው ነበርክ» ይሉኛል። ጎንበስ ብዬ አመሰግናለሁ። ምን ልበላቸው? እውነቱን ብናገር ትዝታቸውን ማበላሸት ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ ነበርኩ። ሜዳ ላይ ከሌላው ቀድሜ የምሮጠው፣ ከሌላው ቀድሜ የምዘለው፣ አጥቂው ከጀርባዬ ሾልኮ ሲያልፍና የስታዲየሙ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር አስቀድሞ እየታየኝ ነው። ከሩቅ ያየኝ ደፋር መሰልኩት። ከቅርብ ያየኝ ተጋጣሚ አጥቂ ግን ከንፈሬ እንደሚደርቅ ያውቅ ነበር።

በዚህ ፍርሃቴ ብዙ ጊዜ ስቄ አስቄያለሁ። የማልስቅበት አንድ ነገር አለ፤ እሱም የአንድ በረኛ ዕድሜ ነው። በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት።

የተወለድኩት ሐይቅ ከተማ ነው። የሰፈራችን ኳስ ሜዳ በአንድ ወገን ወደ ውኃው ያዘነበለ ስለነበር ተከላካይነትን የተማርኩት ኳሷ ሐይቁ ውስጥ እንዳትገባ በመሮጥ ነው። ውኃ ከገባች ዋኝቶ የሚያመጣት መጨረሻ የነካት ልጅ ነው፤ እኔ ደግሞ ዋና አልችልም፣ አልችልም ማለትም አፍራለሁ። እናም ዳር ሳትደርስ እደርስባታለሁ። ይህን ሩጫ ደሴ ስማር አንድ የስፖርት አስተማሪ አየልኝ። ከዚያ አንድ የፋብሪካ ቡድን ወሰደኝ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ገባሁ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ የብሔራዊ ቡድን ማሊያ ለበስኩ። ማሊያውን የሰጡኝ ቀን መጸዳጃ ቤት ገብቼ አስመለሰኝ። ለጓደኞቼ የበላሁት ምግብ ነው አልኳቸው።

ቡድኑ ውስጥ አራት ዓመት ቆየሁ። ስለ ጨዋታዎቹ ማውራት ቶሎ ይሰለቸኛል፤ የማልረሳው አንድ ጠዋት ነው። ከአገር ውጭ ለጨዋታ ሄደን ሆቴል ውስጥ ከአንድ የመስመር አጥቂ ጋር አንድ ክፍል ተሰጥቶን ነበር። ስነቃ አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ታኬታውን አልጋው ሥር ትቶታል፤ ካልሲዎቹን አጣጥፎ ታኬታው ውስጥ ወትፏቸዋል። ልጁ ጠፍቷል። በደርግ ዘመን እንዲህ ከአገር ወጥቶ የቀረ ሰው ከሃዲ ነው፤ አብሮት የነበረው ደግሞ ይጠየቃል። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ታኬታዎቹን እያየሁ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አሁን መጥተው እኔን ይጠይቁኛል። ለልጁ አላዘንኩም። ጠላሁት።

እንደፈራሁትም ጠየቁኝ። ወደ አገር ከተመለስን በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል በየጠዋቱ አንድ ቢሮ እየሄድኩ ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር። ማንም አልመታኝም፣ ማንም አልጮኸብኝም። «አንድ ክፍል ውስጥ አድረህ እንዴት አላወቅክም?» ይሉኛል፤ አላወቅኩም እላለሁ፤ ይጽፋሉ፤ በማግስቱ ያንኑ ይጠይቁኛል። በመጨረሻ የጻፉትን አስፈርመው ለቀቁኝ። ከዚያ ወዲህ በስሜ የመጣ ወረቀት ስከፍት መጀመሪያ የማየው ማኅተሙን ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጉልበቴ ተጎዳና ጨዋታ አቆምኩ። ለጉልበቴ አልቅሻለሁ፤ ከዚያ ሁሉ ዓይን በመራቄ ግን ደስ ብሎኛል።

የሦስት ወር የአሰልጣኝነት ኮርስ ወስጄ የትውልድ ቦታዬ ላይ ተመደብኩ፤ የሐይቅ ወረዳ ቡድን አሰልጣኝ ሆንኩ። ሁለት ኳስ ነበረን። ማሊያችን ቀይ ነው ቢባልም ግማሹ ታጥቦ ታጥቦ ሌላ ቀለም ሆኗል። ልጆቹ ሜዳ ሲገቡ ግማሹ ቢስሚላሂ ይላል፣ ግማሹ ያማትባል፣ አንዳንዱ ለሁሉም ይሁን ብሎ ሁለቱንም ያደርጋል፤ ሜዳው ዳር ካድሬ ከቆመ ደግሞ ሁሉም ዝም ብሎ ይገባል። እኔ ጯሂ አሰልጣኝ ነበርኩ። የፈራሁትን ሁሉ እነሱም እንዲፈሩልኝ እፈልጋለሁ። «ከኋላህ እይ» የሚለው ጩኸቴ ከተማው ውስጥ መቀለጃ ሆኖ ነበር፤ ገበያ ስሄድ ነጋዴዎቹ ሳይቀሩ «ጓድ አሰልጣኝ፣ ከኋላህ እይ» እያሉ ይስቁብኛል።

የሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ካለፈ ሦስት ዓመት ገደማ ሆኗል። የአውራጃው ውድድር ሊጀመር ጥቂት ሳምንት ሲቀረው በረኛችን የነበረው መምህር ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። ተጠባባቂው ከፍ ያለ ኳስ ሲመጣ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነበር። ተስፋ ቆርጬ ሐይቁ ዳር ስንጎራደድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሰዎች መረብ ሲጎትቱ አየሁ፤ መካከላቸው አንድ ረጅም ልጅ አለ። ኳስ ወረወርኩለት። በአንድ እጁ የመረቡን ገመድ እንደያዘ በሌላው ቀለባት። ሁለተኛ ወረወርኩ፣ ቀለባት። በሦስተኛው ገመዱን ለቀቀና የማኅበሩ ሰዎች ተሳደቡ።

መዳፉ በመረብ ገመድ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ኳስ ከነካው አይለቀውም። ከዚያ ሁሉ በላይ የገረመኝ ግን አለመፍራቱ ነው። ጎል ሲገባበት ኳሷን ከመረብ ያወጣና «ይቺ ጥሩ ነበረች» ብሎ ላገባበት ልጅ ያጨበጭብለታል። እኔ አንድ ጎል ገብቶብኝ ሳምንት እንቅልፍ የማጣ ሰው ነበርኩ፤ ቀናሁበት ብል ይሻላል። ለልምምድ ሲመጣ መንፈሴ ሁሉ ይረጋጋ ነበር፤ ኋላዬን የማላይበት ጊዜ ቢኖር እሱ ጎል ላይ ሲቆም ነው።

እናቱ ገበያ ውስጥ በርበሬና ጨው የምትሸጥ እስላም ናት፤ ባሏ ሞቶባታል። ታላቅ ልጇን በቀደመው ዙር ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውባት ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ደብዳቤ አልመጣላትም። ልጁን ወደ ቡድኑ ልወስደው ፈቃዷን ስጠይቃት ሚዛኗን አስቀምጣ ትኩር ብላ አየችኝ።

«ይኸ ልጅ የቀረኝ ነው» አለችኝ። «ለኳሱ ግድ የለኝም፣ ይጫወት። ብቻ ስትወስደው እንደወሰድከው መልሰህ አምጣልኝ።»

«አያስቡ፣ እማማ» አልኳት።

ችግሩ ዕድሜው ነበር። ውድድሩ የአዋቂዎች ነው፤ ደንቡ አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው አይሰለፍም ይላል። የስፖርት ኮሚቴው ቢሮ ውስጥ ፎቶግራፍ የተለጠፈበትን ቅጽ ስሞላ ልጁን አጠገቤ አቁሜ ዕድሜውን ጠየቅኩት።

«አሥራ ስድስት ነኝ፣ ጋሼ» አለኝ። «እናቴ በስድሳ ስድስቱ ክፉ ቀን ገና ጡት አልጣልክም ነበር ትለኛለች።»

የአገሬ አሰልጣኝ ሁሉ ዕድሜ በመቀነስ ነው የሚታማው። ጢም ያወጣውን ሰውዬ የታዳጊ ቡድን ውስጥ ያስገባል። እኔ የጨመርኩ ነኝ። አሥራ ስምንት ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አንስቼ ልክ ደንቡ ጫፍ ላይ ስለሚወድቅ ያጠራጥራል ብዬ ፈራሁ። አሥራ ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ። ልጁ በትከሻዬ በኩል አየና ሳቀ። «አደግሁ በለኛ» አለ። ከታች «ከላይ የተጠቀሰው ትክክል መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚል ነበር፤ ፈረምኩበት። የቀበሌው ጸሐፊም የአሰልጣኙ ወረቀት ነው ብሎ ሳያነብ ማኅተሙን አሳረፈበት።

ለምን አደረግኩት? ከደሴ አንድ ኃላፊ የፍጻሜውን ጨዋታ ሊያይ ይመጣል ተብሎ ነበር። የወሎ ክፍለ ሀገር ምርጥ ቡድን አሰልጣኝ ይፈልጋል ይባላል። ጉልበቴ ከተጎዳ ወዲህ የመጣልኝ የመጀመሪያ ነገር ይኸ ነበር፤ ዓይኑን በሚጨፍን በረኛ ምክንያት እንዲያመልጠኝ አልፈለግኩም።

የፍጻሜውን ጨዋታ የተጫወትነው አምባሰል፣ ገደሉ ሥር በሚገኘው የውጫሌ ሜዳ ነው። ባዶ ለባዶ ሄደን ሄደን ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠብን። እኔ ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ ተራራውን አየሁ። ጫጫታው ምን እንደሆነ እስኪነግሩኝ ድረስ አልዞርኩም። ልጁ ይዟታል። አልመታትም፣ አልመለሳትም፣ ደረቱ ላይ ይዟት ተኝቷል። ወዲያው ወደፊት ወረወራት፤ ከእሱ የተነሳችው ኳስ ጎል ሆነች። ልጆቹ በጭነት መኪና እየዘፈኑ ሲመለሱ የደሴው ሰውዬ የጻፈልኝን አድራሻ ኪሴ ውስጥ እየነካካሁ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ ነበር፤ ያን ዕለት ብቻ አንድም ነገር አልፈራሁም።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ገባ። ብሔራዊ ውትድርና አዲስ ዙር ተጠራ፤ ለየቀበሌው የሚያቀርበው የሰው ቁጥር ተሰጠው። ለግሸን ንግሥ የሚሄዱ አውቶብሶች መንገድ ላይ እየቆሙ ወጣት ወንዶች እየወረዱ ወረቀት ይጠየቃሉ። ገበያ ቀን ወንድ ልጅ ጠፋ። ከተጫዋቾቼ አንዱ ወደ ቆላ ዘመዶቹ ጋ ሄደ፣ ሌላው ሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ ሲውል አክስቱ ምግብ ትወስድለታለች። ልምምድ የሚመጡት ባለትዳሮች፣ መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች ብቻ ሆኑ። እና በረኛው። እሱ በየቀኑ ይመጣል፣ በየቀኑ መረቡን ይጎትታል። «አንተ አትደበቅም?» አሉት ጓደኞቹ አንድ ቀን እየሰማሁ። «እኔን ምን አገባኝ፣ አሥራ ስድስት ነኝ» አላቸው። እውነቱን ስለሚያውቅ አልተደበቀም።

ያን ሰሞን ነው ከቀበሌ ወረቀት የመጣልኝ። በአስቸኳይ ቢሮ ቅረብ ይላል፣ ለምን አይልም። ያ ሆቴል ውስጥ ጥሎኝ የጠፋው ልጅ ትዝ አለኝ፤ አንድ ነገር ተናግሯል፣ ወይም ጽፏል፣ ስሜን አንስቷል ብዬ ደመደምኩ። እስር ቤት ወለሉ ይበርዳል ሲሉ ሰምቼ ስለነበር ካልሲ በካልሲ ላይ ደርቤ፣ ሹራብ ለብሼ በዚያ የመስከረም ፀሐይ ላቤ እየወረደ ሄድኩ። በመንገዴ ላይ ለሰላምታ እጁን የዘረጋልኝን ሰው ሁሉ የምሰናበት መስሎኝ አጥብቄ ጨበጥኩ።

ሊቀመንበሩ ድሮ ልብስ ሰፊ የነበረ፣ የቡድናችንን ቁምጣ በነፃ የሰፋልን ሰው ነው። ኳስ ይወዳል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገ። «ጓድ አሰልጣኝ፣ ይህ ፊርማ ያንተ ነው?» አለኝ።

አየሁት። የውድድሩ የተጫዋቾች ቅጽ ነው። የሆቴሉ ነገር አይደለም፣ የጠፋው ልጅ ነገር አይደለም። ነፍሴ መለስ አለች። «የኔ ነው» አልኩ፤ ድምፄም እንደ ሰው ድምፅ ወጣልኝ።

«የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው?»

«ትክክል ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። እንዲያውም ፎቶግራፋቸው ሳይቀር አለ» ብዬ ቀለድኩ።

ትክክል ነው ብለህ ዛሬ ባለው ቀን ፈርምልኝ አለኝ፤ ፈረምኩ። እጁን ጨብጬው ወጣሁ። በር ላይ ካለው ጥድ ሥር ተቀምጬ የተደረበውን ካልሲ ሳወልቅ ነበር የቀበሌ ሊቀመንበር በዚህ ሰሞን የወጣቶችን ዕድሜ ለምን እንደሚፈልግ የገባኝ። ወይስ ስፈርምም ገብቶኝ ነበር? ይህን ራሴን ስጠይቅ ብዙ ዓመት አልፏል። ገብቶኝ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የገባኝን ነገር ላለማየት ግን በጣም ፈጣን ነኝ።

ሮጬ ሄጄ ልጁን ጥፋ ልለው ይገባኝ ነበር። ወደ ሐይቁ የሚወስደውን መንገድ ጀመርኩ። ግማሽ ላይ አንድ የአብዮት ጥበቃ ሠራተኛ ጠመንጃውን አንግቶ ከፊቴ መጣና ሰላም ብሎኝ አለፈ። ይህ ሰው ነገ «አሰልጣኙን ወደ ሐይቁ ሲሄድ አይቼዋለሁ» ሲል ታየኝ። ልጁ የጠፋ እንደሆነ ማን ነገረው ተብሎ የሚጠየቀው እኔ ነኝ። ነገ ልምምድ ላይ ሲመጣ በዘዴ እነግረዋለሁ ብዬ ተመለስኩ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ፣ መረብ እየጎተተ ሳለ ወሰዱት። አልሮጠም አሉ። «ተሳስታችኋል፣ እናቴን ጠይቋት» እያለ ነው የሄደው።

እናቱ ቤቴ የመጣችው ከቀትር በፊት ነው። አላለቀሰችም። የሸማዋን ጫፍ ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አስራ ደጃፌ ላይ ቆማ ነበር።

«ልጄ፣ ወሰዱብኝ» አለችኝ። «ዕድሜው አልደረሰም። እኔ ሴት ነኝ፣ ማን ይሰማኛል። አንተ ግን ላገር የተጫወትክ ሰው ነህ፣ ቃልህ ይሰማል። ወላሂ አሥራ ስድስት ነው፤ ና ንገርልኝ።»

ስለ ቅጹ አታውቅም ነበር። ያን ጊዜ፣ እዚያው ደጃፍ ላይ፣ መናገር ነበረብኝ። «ጫማዬን ላድርግ» አልኳት።

አብረን ቢሮ ገባን። በዚህ ጊዜ ሊቀመንበሩ ብቻውን አልነበረም፤ መስኮቱ ጋ አንድ የማላውቀው፣ ከላይ የመጣ ካድሬ ተቀምጦ እርሳስ ይቀርጻል። ሊቀመንበሩ የእናትየውን ቃል እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ቅጹን አወጣ።

«እማማ፣ እዚህ አሥራ ዘጠኝ ይላል። በፊርማ የተረጋገጠ ነው» አለ። ወደ እኔ ዞረ። አሁን ሳስበው ፊቱ ላይ ልመና ነበረ። «ጓድ አሰልጣኝ፣ መኪናው ነገ ጠዋት ነው የሚሄደው። ስህተት ካለ ዛሬውኑ ይታረማል። ስህተት አለ?»

ካድሬው ከእርሳሱ ቀና ሳይል «ሐሰተኛ ማስረጃ የሰጠ ሰውም በሕግ ይጠየቃል» አለ። ቁጣ የለበትም፤ እንዲሁ ለመረጃ ያህል ነው።

ያቺን ክፍል አሁንም በደንብ አስታውሳታለሁ። ጠረጴዛው ላይ የማኅተም ቀለም ፈሶ ደርቋል። ሁለት ጊዜ ፈርሜያለሁ፤ አንዱን ለኳስ፣ አንዱን ትናንት። ያ የአዲስ አበባው ወንበር ታየኝ፤ አንድ ክፍል አድረህ እንዴት አላወቅክም። እናትየው አጠገቤ ቆማ ታየኛለች፤ እንደምናገርላት እርግጠኛ ናት።

«እኔ ልጁ የነገረኝን ነው የጻፍኩት» አልኩ።

ሊቀመንበሩ ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ። እናትየው ግን አልገባትም። «ማን ነው የነገረህ?» አለችኝ። ደገምኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀለለኝ። ቀስ ብላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ለኳስ ብሎ?» አለች። «ለኳስ ብሎ ነው ዕድሜውን የዋሸው?»

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የጭነት መኪናዎች ቆመው ነበር። ቤተሰብ በአጥሩ በኩል እንዲሰናበት ተፈቅዷል። አልሄድም ብዬ ነበር፤ እናትየው መጥታ ወሰደችኝ፣ ብቻዬን አልችልም ብላ። ልጁ ፀጉሩን ተላጭቶ ይበልጥ ልጅ መስሏል። ሲያየን ፊቱ በራ፤ ልናስወጣው የመጣን መስሎት ነው።

እናቱ የአጥሩን ሽቦ ይዛ ተቆጣችው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቁጣ አልሰማሁም፤ ድምፅ የለውም። «ወንድምህ ሄዶብኝ፣ አንተ ደግሞ ለአንድ ቅል ለሚያህል ነገር አሥራ ዘጠኝ ነኝ አልክ? ምን አደረግኩህ? ምን በደልኩህ ልጄ?»

ልጁ አፉን ከፈተ። ከዚያ በእሷ ትከሻ ላይ አሻግሮ እኔን አየኝ። ለምን ያህል ጊዜ እንዳየኝ አላውቅም። ወሬው ከማን እንደመጣ በዓይኑ ሲፈልግ፣ ሲያገኝ፣ ሲገባው አየሁ። አሁን ይናገራል አልኩ፤ በዙሪያችን ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አሉ፣ ይሰማሉ፣ መኪናው ላይ እኔንም ይጭኑኛል። በዚያች ሰዓት እንኳ የፈራሁት ለራሴ ነው።

«አዎ፣ እማ» አላት። «እኔ ነኝ ያልኩት። ትልቅ ልባል ብዬ ነው። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

ግንባሯን ሽቦው ላይ አስደግፋ ቆየች። «አውፍ ብዬሃለሁ» አለችው። «ከልቤ ነው። አላህም አውፍ ይበልህ።»

እሱ ወደ እኔ ዞረ። ይረግመኛል ብዬ ጠበቅኩ። «ጋሼ፣ ትላንትና የጣልኩት አንድ መረብ ሳይነሳ ውኃ ውስጥ ቀርቷል» አለኝ። «በገዳሙ በኩል ካለው ደንገል አጠገብ ነው። ለማኅበሩ ሰዎች ንገርልኝ፤ ዓሣው ይበላሻል።»

«እነግራቸዋለሁ» አልኩት። ነገርኳቸውም። የጠበቅኩለት ቃል ያ ብቻ ነው።

ልጁ አልተመለሰም። መንግሥት ሲለወጥ የተበተነው ጦር በአስፋልቱ በኩል በእግሩ እየጎረፈ ሲያልፍ እናቱ የበርበሬ መደቧን ዘግታ መንገድ ዳር ትውል ነበር፤ የሁለቱንም ልጆቿን ስም እያነሳች ትጠይቃለች። ታላቁ አንድ እግሩን አጥቶ መጣላት። የታናሹን ነገር የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። እኔ ያን ጊዜ ደሴ ነበርኩ። የክፍለ ሀገሩ ምርጥ ቡድን አሰልጣኝ አድርገው ሾመውኝ ነበር፤ ከዚያም ሌሎች ቡድኖች መጡ፣ ዋንጫም በላሁ፣ ጋዜጣ ላይም ወጣሁ። ጠያቂዎች ስለ ምርጥ በረኞቼ ሲያነሱብኝ ስለ ሌሎች አወራለሁ።

ሐይቅ በሄድኩ ቁጥር እናቱ መምጣቴን ትሰማና የወንድሜ ቤት ድረስ ትመጣ ነበር። አርጅታ በምርኩዝ መሄድ ከጀመረች በኋላም አልቀረችም። ብዙ ጊዜ እነግራታለሁ ብዬ ተነስቻለሁ። አንድ ጊዜ «እማማ፣ ያን ጊዜ ቢሮ ውስጥ» ብዬ እስከ መጀመር ደርሻለሁ። እጄን ያዘችኝ። «አውቃለሁ» አለችኝ፤ እጄን ላስለቅቅ ሞከርኩ። «የቻልከውን ሁሉ አድርገሃል። ያን ቀን ከኔ ጋር የቆምክ አንተ ብቻ ነህ፤ ሌላው ሁሉ በሩን ዘግቶብኛል።» ቡና እንድትጠጣ ወንበር አቀረብኩላት። ከመሄዷ በፊት ሁልጊዜ እንደምታደርገው ሁለት እጇን ዘርግታ መረቀችኝ።

«አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ልጄ» አለችኝ።

እኔም መዳፌን ዘርግቼ አሚን አልኩ። እስክትሞት ድረስ በየዓመቱ እንዲሁ አልኩ፤ ይኸው ሰባ አልፎኛል።